ስሙን ሰውሮ ጥበቡን የገለጠ መነኩሴ፤ የቴዎፍሎስ ታሪክ

ባለ ቀለም መስተዋት ወደ ተገጠመበት ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ብርሃኑን ነው። ቀዩ ከሰማያዊው፥ ቢጫው ከአረንጓዴው ጋራ ተስማምቶ በወለሉ ላይ ሲያርፍ አይቶ ያደንቃል፤ የቅዱሳኑንም መልክ እየተመለከተ ሠዓሊው ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ነገር ግን እያንዳንዱ መስተዋት ከመቈረጡ በፊት በላዩ የተሰመረውን መስመር ማን እንዳሰመረው፥ በምንም እንዳሰመረው የሚጠይቅ አይገኝም። ያ መስመር ሥራው ሲፈጸም ይታጠባልና ለተመልካች አይታይም። መስኮቱ ግን የቆመው በዚያ በማይታየው መስመር ልክ ነው።

ይህች መጽሐፍ የደብራችንን ኢዮቤልዩ ምክንያት አድርጋ የምትወጣ እንደ መሆኗ፥ በውስጧ የሚታሰቡት ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩና የሠሩ፥ ድንጋዩን ያመላለሱ፥ እንጨቱን የጠረቡ ሁሉ ናቸው። ከነዚህም የብዙዎቹ ስም በየትም አልተጻፈም። ስለዚህ ስሙን በፈቃዱ ሰውሮ፥ ለቤተ እግዚአብሔር ጌጥ የሚሆነውን ጥበብ ግን ለሁሉ ገልጦ የጻፈውን የአንድ መነኩሴ ታሪክ ከነርሱ መታሰቢያ ጋራ ላኖር ወደድሁ። ይህ ሰው በሥርዓቱ ከላቲኖች ወገን ነው። ይሁን እንጂ ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ባሠራ ጊዜ የናስ ሥራ የሚያውቀውን ኪራምን ከጢሮስ አስመጥቶ አሠርቷልና፥ ብልሃትን ከሩቅ መማር ለቤተ እግዚአብሔር አዲስ ነገር አይደለም። ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

መነኩሴው በመጽሐፉ የሚጠራው ቴዎፍሎስ ተብሎ ነው፤ ትርጓሜውም የእግዚአብሔር ወዳጅ ማለት ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ ወንጌሉንና የሐዋርያትን ሥራ የጻፈለት ሰው በዚህ ስም ይጠራ ስለ ነበረ፥ ስሙ ለኛ እንግዳ አይደለም። ስለ ትውልዱና ስለ አባቱ፥ ስለ ተወለደበትም አገር በመጽሐፉ አንዳች አልጻፈም። ራሱን የሚጠራው ትሑት ቄስ፥ የእግዚአብሔር አገልጋዮች አገልጋይ፥ ለምንኩስናም ስም የማይበቃ እያለ ነው። ነገር ግን በቪየና ከተማ ተጠብቆ በሚኖረው ጥንታዊ ቅጂ ላይ ቴዎፍሎስ የተባለው ሮጀር የሚባለው እንደ ሆነ የሚያመለክት ራስጌ ይገኛል።

ሊቃውንትም ይህን ስም እንደ ፈለግ ተከትለው ሲመረምሩ፥ የሚበዙት ቴዎፍሎስ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን አገር በሄልማርስሃውዘን ገዳም የኖረው ወርቅ ሠሪው ሮጀር ነው ወደ ማለት ደረሱ። እንደነርሱ ትረካ ይህ ሮጀር ዛሬ በቤልጅግ አገር ባለው በስታቭሎ ገዳም ሠለጠነ፤ ከዚያም ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄዶ በቅዱስ ጰንጠሌዎን ገዳም ተቀመጠ፤ በ1107 ዓመት ገደማም ወደ ሄልማርስሃውዘን ተሻገረ። በፓደርቦርን ካቴድራል ዕቃ ቤት እስከ ዛሬ የሚኖረውን፥ ከቦታ ቦታ የሚወሰደውን፥ ብርና ዕንቍ የለበሰውን ትንሽ መንበር የእጁ ሥራ ነው ብለው ይቀበላሉ። እንግዲህ ታሪኩ የቅዳሴ ካህንነትን ከመዶሻና ከወናፍ ጋራ በአንድ ሰውነት ያስተባበረ ሰው ታሪክ ነው።

በዚያ ዘመን የእጅ ጥበብ ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር፥ ከአባትም ወደ ልጅ የሚተላለፈው በማየትና በመስማት ነበረ። የሚያውቀው ሰው የሚያውቀውን ሳያስተላልፍ ቢሞት፥ ጥበቡ አብሮት ይቀበር ነበረ። ቴዎፍሎስ ይህን አይቶ ሌላ መንገድ መረጠ። በመጽሐፉ መቅድም እንደሚያስረዳው፥ ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሮ ሳለ በበደሉ ብዙ ክብር ቢያጣም፥ የማስተዋልና የመሥራት ሀብት ግን ከርሱ አልተወሰደም። ይህም ሀብት በልፋት የሚገኝ የአባቶች ውርስ ነውና፥ ያገኘው ሰው ለራሱ ብቻ ሊይዘው አይገባም። በጌታ የተሰጠውን መክሊት በምድር የቀበረው ባሪያ ምን እንደ ደረሰበት አስቦ ቴዎፍሎስ እጅግ ፈራ። ስለዚህ ያለ ዋጋ የተቀበለውን ያለ ዋጋ ለመስጠት ብዕሩን አነሣ። ከሚማሩለትም ሰዎች የጠየቀው ነገር ቢኖር፥ በድካሙ በተጠቀሙ ቍጥር ስለ ርሱ ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልዩ ብቻ ነው።

መጽሐፉ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ስለ ሥዕልና ስለ ቀለም፥ ሁለተኛው ስለ መስተዋት፥ ሦስተኛው ስለ ወርቅ፥ ስለ ብር፥ ስለ መዳብና ስለ ሌላውም ማዕድን ሥራ ይናገራል። ጽዋ እንዴት እንደሚሠራ፥ ጽንሐሕ እንዴት እንደሚቀረጽ፥ ደወል እንዴት እንደሚፈስ አንድ በአንድ ይተነትናል። በመቅድሙም የየአገሩን ብልሃት ሲቈጥር፥ ለግሪክ የቀለሙን ብዛት፥ ለጀርመን የወርቁንና የብሩን፥ የመዳቡንና የብረቱን ሥራ ሰጥቶ፥ የመስኮቱን ጌጥ ግን ለፈረንሳይ አገር ሰጠ። የሰውን ብልሃት በየአገሩ ስም ማመስገኑ ትሕትናውን ያሳያል። በዚያው ዘመን ገደማ ከተሠሩት መስኮቶች የነቢያት ሥዕል ያለባቸው በአውግስቡርግ ካቴድራል እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ፤ የነቢዩ ዳንኤልና የሆሴዕ፥ የዳዊትና የዮናስም መልክ በውስጣቸው ነው።

አሁን ወደ መስመሩ ነገር እንመለስ። ቴዎፍሎስ መስኮት ለመሥራት የሚሻውን ሰው አስቀድሞ መስተዋት እንዲያነሣ አያዝዘውም። በመጀመሪያ ደልዳላ የእንጨት ሰሌዳ እንዲያዘጋጅ ያዝዘዋል፤ ወርዱና ቁመቱም ከሚሠራው የመስኮት ክፍል እጥፍ የሚሆን ነው። በሰሌዳው ላይ ጠመኔ ይፋቅበታል፤ ውሃ ይረጭበታል፤ በጨርቅም ይታሻል። ነጭ ሆኖ በደረቀ ጊዜ ሠራተኛው የመስኮቱን ልክ በማስመሪያና በክበብ ማውጫ ያኖርበታል። ከዚያም ሥዕሉን አስቀድሞ በእርሳስ ወይም በቆርቆሮ ጫፍ በስሱ ይነድፋል፤ ኋላም በቀይ ወይም በጥቁር ቀለም ያጸናዋል። የፊቱንና የልብሱን፥ የእጁንና የእግሩን መስመር ከለየ በኋላ፥ በየክፍሉ የሚገባው መስተዋት ምን ዓይነት ቀለም እንደ ሆነ በፊደል ያመለክታል። በዚህ ጊዜ ሰሌዳው ሁሉ ነገር የተወሰነበት መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ ጠመኔ በውሃ ተፈጭቶ በእርሳስ ዕቃ ይቀመጣል። ብሩሹም ከድመት ጅራት ወይም ከአህያ ጋማና ይህን ከመሰለ ጠጕር ይሠራል። ሠራተኛው ከተፈለገው ልክ ጥቂት የሚበልጥ መስተዋት ይመርጥና በሰሌዳው ላይ በቦታው ያኖረዋል። ከሥር ያለውን መስመር በመስተዋቱ ውስጥ አሻግሮ እያየ፥ በዚያው ፈለግ በጠመኔው ላዩን ያሰምራል። መስተዋቱ ቀለሙ ጠልቆ አላሳይ ያለ እንደ ሆነ፥ ቴዎፍሎስ ብልሃቱን አልነፈገም። አስቀድሞ ነጭ መስተዋት በሰሌዳው ላይ አኑሮ መስመሩን በርሱ ላይ መሳል ነው። ይህም ሲደርቅ ያንን ድፍን መስተዋት በነጩ ላይ ደርቦ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ ብርሃኑም ከበስተ ኋላ ሲያልፍ የነጩ መስመር በድፍኑ ይታያል፤ ያን ጊዜ በላዩ ያሰምራል። በምድር ላይ የተሰወረው ነገር ወደ ብርሃን ከፍ ሲል ይገለጣልና፥ ይህ ትምህርት ለቅኔ ተማሪ ሲነገር ምሥጢሩ ቶሎ ይገባዋል።

የመቍረጡም ሥርዓት እንዲህ ነው። ጫፉ ወፈር ያለ ብረት በእሳት ይግላል። የጋለው ብረት በመስተዋቱ ጠርዝ ሲያርፍ ትንሽ ስንጥቅ ይዠምራል። መስተዋቱ ጠንካራ ሆኖ እንቢ ካለ፥ ሠራተኛው ጣቱን በምራቁ አርሶ ብረቱ በነካው ስፍራ ያስነካዋል፤ ወዲያው ይሰነጠቃል። ከዚያም ብረቱን በጠመኔው መስመር ላይ ቀስ እያለ ሲስበው ስንጥቁ ይከተለዋል። በመጨረሻ ስንዝር በምታህል፥ ሁለቱ ጫፏ በተቆለመመ ብረት ጠርዙን በጥቂት በጥቂቱ እየቆረጠመ ከመስመሩ ጋራ ያስተካክለዋል። ሁሉም ተቈርጦ ሲያልቅ ቍርጥራጮቹ በሰሌዳው ላይ በየስፍራቸው ይደረደራሉ፤ የፊቱና የልብሱ እጥፋት በቀለም ይሣልባቸዋል፤ ወደ ምድጃ ገብተው ቀለሙ በእሳት ይጸናባቸዋል፤ ከዚያም በእርሳስ ክፈፍ ተያይዘው በቆርቆሮ ይበየዳሉ።

አንባቢ ሆይ፥ ለአንድ የጠመኔ መስመር ይህን ያህል መጠንቀቅ ምን ያደርጋል ትል ይሆናል። በብራና ላይ ፊደል የሳተ ጸሐፊ በቢላዋ ፍቆ ያርመዋል። በእንጨት የሳተ ጠራቢ ሌላ እንጨት ይቀጥላል። መስተዋት ግን አንድ ጊዜ ከመስመሩ ከወጣ መመለሻ የለውም፤ አመድና አሸዋ በምድጃ ቀልጦ፥ በአፍ ተነፍቶ፥ በብዙ ድካም የተገኘው ቀለም ባንድ አፍታ ፍርስራሽ ይሆናል። አንዱም ቍራጭ ከልኩ ቢተርፍ ጎረቤቱን ይገፋል፤ ጎረቤቱም ሌላውን፤ እንዲህ እያለ መስኮቱ በሙሉ ከክፈፉ ይወጣል። ስለዚህ የብልሃቱ ሥር በማሰመሩ ላይ ነው። የኛም ቁም ጸሐፊዎች ብራናውን ፍቀው ካለሰለሱት በኋላ በወስፌ እየወጉ መስመር ሳያወጡበት ቀለም እንደማያስነኩት ሁላችን እናውቃለን። ወርቅ ሠሪም ጌጡን አስቀድሞ በሰም ቀርጾ፥ ሰሙን በጭቃ ሸፍኖ፥ በእሳት አቅልጦ ካፈሰሰው በኋላ ወርቁን በቦታው ያገባበታል። አባቶቻችንም ለቅኔው ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም ያወጡለት ከዚህ ነው። ይህን የሰም ሥራ ቴዎፍሎስም በሦስተኛው ክፍሉ አብራርቶ ጽፎታል። በመስኮቱ ሥራ ሰሙ የጠመኔው መስመር ነው፤ ወርቁም ብርሃኑ ነው። ሰሙ ባይቀድም ወርቁ ባልቆመ ነበረ፤ ወርቁ ከገባ በኋላ ግን ሰሙን የሚያስበው የለም።

ቴዎፍሎስ ለሠራተኛው የሰጠው ክብር ከሁሉ የሚበልጥ ሆኖ የሚታየው በሦስተኛው መቅድሙ ነው። የቤተ እግዚአብሔርን ጌጥ የሚሠራ ሰው በሰባቱ የመንፈስ ቅዱስ ሀብታት እንደሚሠራ ያስረዳል። በጥበብ፥ ፍጥረት ሁሉ ከእግዚአብሔር እንደ ተገኘ ያውቃል። በማስተዋል፥ ሥራውን በሥርዓትና በልክ ያዘጋጃል። በምክር፥ የተሰጠውን መክሊት ሳይሰውር ለሚሹት ሁሉ በትሕትና ያስተምራል። በኃይል፥ ስንፍናን ከራሱ ያራግፋል። በዕውቀት፥ ልቡን የሞላውን ለሌላው ያካፍላል። በእግዚአብሔር አምልኮ፥ ለማን፥ መቼና እንዴት እንደሚሠራ፥ በስንትም ዋጋ እንደሚሠራ ይወስናል፤ ስስት እንዳይገባበትም ይጠነቀቃል። በፈሪሃ እግዚአብሔር፥ ከራሱ አንዳች እንደሌለው ያስባል። እነሆ፥ ማስተማርን ከምክር፥ ዋጋ መወሰንን ከአምልኮ ቈጠራቸው። ሙሴም ድንኳኑን ለማሠራት ባስልኤልን በጠራ ጊዜ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት በኦሪት ተጽፏልና፥ ይህ የቴዎፍሎስ አሳብ ከመጽሐፍ የወጣ አይደለም።

መነኩሴው ካረፈ በኋላ መጽሐፉ ከገዳም ወደ ገዳም እየተገለበጠ ተዳረሰ። በኋለኛው ዘመን ግን በብዙ ስፍራ የመስተዋቱ ሥራ መልኩን ለወጠ፤ ቀለሙ ከሥሩ የገባበት መስተዋት ቀርቶ በነጭ መስተዋት ላይ መሣል በዛ፤ የጥንቱም ብልሃት ደከመ። የጀርመኑ ደራሲ ሌሲንግ በቮልፈንቢውተል የመጻሕፍት ቤት ጠባቂ ሳለ ጥንታዊውን ቅጂ አግኝቶ በ1774 ስለ ርሱ ጻፈ፤ ሌሲንግ በሞተበት በ1781 ዓመትም የመጽሐፉ ቃል ታተመ። ከዚያም በ1843 ሌስካሎፒዬ ወደ ፈረንሳይኛ፥ በ1847 ሄንድሪ ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። በዚያው በ1847 የጥንት መስኮቶችን ይመረምር የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊንስተን ስለ መስተዋት የሚናገረውን ክፍል ተርጕሞ ከራሱ መጽሐፍ ጋራ አወጣው። በዚህ ጊዜ የጥንቱን ሥራ ማደስ የሚሹ ሠራተኞች ከ700 ዓመት በላይ የቆየውን መምህራቸውን አገኙ። በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ በእስጳንያ አገር በጂሮና ካቴድራል የ14ኛው ክፍለ ዘመን የመስተዋት ሠራተኞች ሰሌዳ ታወቀ፤ ነጭ ተቀብቶ፥ የመስኮቱ ንድፍ ተሰምሮበት፥ ቴዎፍሎስ እንደ ጻፈው ሆኖ ተገኘ።

መሣሪያውም ከዚያ ወዲህ ተለዋወጠ። በጋለው ብረት ፈንታ አልማዝ መጣ፤ በ1869 አሜሪካዊው ሳሙኤል ሞንስ ትንሽ የብረት መንኰራኵር ያለባትን መቍረጫ አወጣ። ዛሬም የአልማዝ ትቢያ የተለበጠበት፥ ውሃ እየፈሰሰበት የሚሠራ መጋዝ አለ። ውሃው ምላጩንና መስተዋቱን ያቀዘቅዛል፤ ሳንባ የሚጎዳውንም የመስተዋት ትቢያ ይዞ ይወርዳል። ይህ መጋዝ በጭረትና በመስበር የማይቻለውን፥ ወደ ውስጥ እጅግ የተቆለመመውን መስመር ሳይቀር ይቈርጣል። ነገር ግን የቀድሞው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተመለሰ፤ ውሃው ከትቢያው ጋራ መስመሩንም ያጥባልና። ስለዚህ ዛሬ የሚሠሩት ሰዎች መስተዋቱን ከቅባት አጥርተው በማይለቅ ቀለም ያሰምሩበታል፤ ቀለሙም ሲደርቅ በላዩ ሰም ይቀቡበታል፤ ወይም የንድፉን ወረቀት ውሃ በማይፈታው ማጣበቂያ ይለጥፉበታል። ጠቈር ባለው መስተዋት በነጭ ወይም በብርማ ቀለም ያሰምራሉ፤ የሚያሳልፈውንም ከሥሩ መብራት ባለበት ገበታ ላይ ያኖሩታል። ምላጩ የራሱን ውፍረት ያህል ስለሚበላ፥ ከመስመሩ ጥቂት ወደ ውጭ ቈርጠው የቀረውን በመሞረጃ ወደ መስመሩ ያደርሱታል። ለእርሳሱ ክፈፍም በቍርጥራጮቹ መካከል ቦታ ይተዋሉ። በየቍራጩ ቍጥርና የቀለሙን ምልክት ይጽፋሉ። ይህን ሁሉ ያየ ሰው፥ በሰሌዳው ላይ ያለው ፊደል፥ ድፍኑን መስተዋት ወደ ብርሃን ማንሣቱ፥ ቀስ እያሉ ወደ መስመሩ መቅረቡ ሁሉ አስቀድሞ በመነኩሴው የተጻፈ እንደ ሆነ ያስተውላል። መሣሪያው ተለወጠ፤ የመስመሩ ሕግ ግን አልተለወጠም።

የዚህ ሰው ታሪክ ለኛ የሚያስተምረን ነገር አለው። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩና ሸማኔው፥ ወርቅ ሠሪውና ፋቂው ለረጅም ዘመን በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በኛ አቈጣጠር ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ እስከ መከልከል ደረሱ። የተሰደበ ሰው ጥበቡን ለልጁ ለማውረስ አይደፍርም፤ የተከበረውም ቢሆን እንጀራዬን ይወስድብኛል ብሎ ይሰውራል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጥቍሩ ቀለም ከምን ከምን እንደሚበጠበጥና ስንት ወራት እንደሚቆይ፥ ብራናው እንዴት እንደሚወጠርና እንደሚፋቅ፥ የመጽሐፉ ሐረግ በምን ልክ እንደሚጣል፥ መቋሚያውና ጸናጽሉ በምን ሥርዓት እንደሚሠራ የሚያውቁት አባቶች በዕድሜ የገፉ ናቸው። ከነርሱ አንዱ ሲያርፍ ሰውዬው ብቻ አያርፍም።

ስለዚህ ለዚህ ኢዮቤልዩ ከሚሰበሰበው ስጦታ ሁሉ ይልቅ የሚበልጠው፥ የሚያውቁት የሚያውቁትን ቢናገሩ፥ የሚጽፉትም ከአፋቸው ተቀብለው አንድ በአንድ ቢጽፉ ነው። ስም ቢቀር ጉዳት የለውም፤ ቴዎፍሎስም የአባቱን ስምና የአገሩን ስም ትቶ አልፏልና። ጥበቡ ግን መቅረት የለበትም። በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በባለ ቀለሙ መስኮት ሥር ቆሞ የሚጸልይ ምእመን፥ ብርሃኑ ወደ ርሱ የደረሰው በታጠበ መስመር ልክ እንደ ሆነ ያስብ፤ ያን መስመር ላሰመሩትም እጆች ሁሉ ይጸልይ። መነኩሴው የጠየቀው ዋጋ ይህ ብቻ ነበረ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።